ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ምስክር

አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ድንቅነሽ ፊት የቆመ ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቃት ጥያቄ አለች፦ «3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን በምን አወቁት?» የተለመደው መልስ «በእሳተ ገሞራ አመድ» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (ዓመተ ምሕረቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ድንቅነሽ የተገኘችበት የሐዳር ዕድሜ ብዙ ሲያከራክር፣ ክርክሩን ካረገቡት ማስረጃዎች አንዱ የወጣው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1972 ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው የቁፋሮ መርከብ፣ 231 የሚል ቁጥር በተሰጠው የባሕረ ሰላጤው ጣቢያ ላይ ወለሉን በስታ ረጅም የጭቃ ዓምድ አወጣች። በጭቃው መሃል ከምሥራቅ አፍሪካ እሳተ ገሞራዎች በነፋስ ተጭነው የመጡ ስስ የአመድ ንጣፎች ነበሩበት። በ1985 የታተመ ጥናት የአመዱን ኬሚካላዊ ቅንብር መርምሮ፣ ከንጣፎቹ አንዱ ሐዳር ላይ «ሲዲ ሐኮማ»፣ ቱርካና ላይ ደግሞ «ቱሉ ቦር» ከሚባለው አመድ ጋር አንድ መሆኑን አሳየ። ፍንዳታው አንድ፣ ያረፈበት ቦታ ሦስት። የባሕሩ አመድ ግን የብሱ የሌለው ጥቅም አለው። ከላይም ከታችም የታሸገው በኮኮሊት ነው።

ኮኮሊት በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ አልጌ ሰውነቱን የሚሸፍንበት የኖራ ቅርፊት ነው። ስፋቱ ከ2 እስከ 10 ማይክሮን ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ላይ ከመቶ በላይ ይደረደራል። ዝርያዎቹ ሲፈጠሩም ሲጠፉም በመላው ውቅያኖስ ለማለት በሚቻል መልኩ በአንድ ጊዜ ነው። ሬቲኩሎፌነስትራ ፕሲውዶአምቢሊካ የሚባለው ከ3.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ የለም። የኮከብ ቅርጽ ያለው ዲስኮአስተር ታማሊስ ደግሞ እስከ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ዘልቋል። አንድ አመድ ከፊተኛው መጥፊያ በላይ፣ ከኋለኛው መጥፊያ በታች ከተገኘ ዕድሜው በሁለቱ መካከል ነው፤ ሌሎች ዝርያዎች ሲጨመሩ ክፍተቱ ይጠባል። የባሕሩ ምስክርነት የሐዳርን ዕድሜ ወደ ወጣትነቱ ጎን ሳበው። በኋላ አመዱ ራሱ በውስጡ በተጠራቀመው የአርጎን ጋዝ ሲለካ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። ድንቅነሽ ከእሱ በላይ ባለው ንጣፍ ውስጥ ነበረች።

በእኔ እምነት የደጋችን ረጅሙና ያልተቆራረጠው መዝገብ ያለው ባሕር ውስጥ ነው። የብስ ይሸረሸራል፤ አንዱ ክረምት ያስቀመጠውን ሌላው ክረምት ይጠርገዋል። ጥልቅ ባሕር ላይ ግን በሺህ ዓመት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ደለል ያለማቋረጥ ይወርዳል። ባሕር የለንም ብለን የምናዝን ሰዎች፣ ታሪካችን እዚያ መቀመጡን ብዙም አናወራም።

ከኮኮሊት ቀጥሎ ዋነኛው ምስክር ፎራሚኒፌራ ነው፤ በሙያው ቋንቋ ፎራም። ባለአንድ ሕዋስ ፍጡር ነው፤ ክፍል በክፍል እየጨመረ የኖራ ቤት ይሠራል። አብዛኛው ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ነው። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ትረዝማለችና፣ ለመለኪያ የሚመረጠው የተለመደው ፎራም የጤፍ ሲሶ ነው ማለት ይቻላል። ከፊሉ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ከፊሉ ወለሉ ላይ ይኖራል፤ ይህ ልዩነት ኋላ ትልቅ ቦታ አለው። ከኖራ ሌላ ከሲሊካ ቤት የሚሠሩ ዳያተምና ራዲዮላሪያ አሉ፤ የኖራ ቅርፊት ከ4,000 እስከ 5,000 ሜትር በሚሆን ጥልቀት ስለሚሟሟ፣ ከዚያ በታች ያለውን የሚመሰክሩት በዋናነት እነሱ ናቸው። በስምጥ ሸለቋችን ያለው ዳያቶማይት (ከዳያተም የተሠራው ነጭ ድንጋይ) ግን የሐይቅ ነው፤ ከባሕር ጋር የሚያቀላቅሉት አሉ።

ሁሉም ረቂቅ አይደለም። ኑሙላይት የሚባለው ፎራም በዓይን ይታያል፤ ሴንቲ ሜትሮች የሚደርስም አለ። የጊዛ ፒራሚዶች ድንጋይ በእሱ የተሞላ ነው። የጥንቱ ስትራቦን ከፒራሚዶቹ አጠገብ ምስር የሚመስል የድንጋይ ፍርፋሪ አይቶ፣ የሠራተኞቹ የምግብ ትራፊ ደንጊያ ሆኖ ነው መባሉን ጽፏል። የድሮ ሰነዶቻችን ግብጽን ምስር ይሏታልና፣ በምስር አገር የተገኘው ምስር ኑሙላይት ነበር ማለት ነው።

ወደ ሥራው እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ማስ ስፔክትሮሜትር፣ አተሞችን በክብደታቸው የሚለየው ማሽን፣ ትልቅ ገንዘብ ያስወጣል፤ የተበላሸ ናሙና ግን የሚበላሸው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ቧንቧ ስር ነው።

ለስላሳ ጭቃ ወይም ማርል (ሸክላና ኖራ የተቀላቀለበት ደለል) ከሆነ 10 እስከ 20 ግራም ይወሰዳል። ከ50 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ደርቆ ይመዘናል፤ ሳይመዘን ከታጠበ በግራም ስንት ፎራም እንዳለ ማወቅ አይቻልም። ከዚያ ጥቂት ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት በተጨመረበት ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ይህ ጨው የሸክላውን ቅንጣቶች ያላቅቃል። የቧንቧ ውሃ ከተጣራ ውሃ ይሻላል፤ የተጣራ ውሃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ትንሽ አሲድ ይሆናል፣ ቀጭን ቅርፊትም ይበላል። የተጣራ መጠቀም ግድ ከሆነ ጠብታ አሞኒያ ገብቶበት ፒኤቹ ወደ 8 ከፍ ይላል። ለጠጣር ማርል ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚጠቀሙ አሉ። ጥቁር ሼል (በንጣፍ የሚሰነጠቅ የሸክላ ድንጋይ) ከሆነ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ውስጡ ያለው ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ከፐርኦክሳይዱ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይወጣል፣ ፎራሙም ዕቃው ውስጥ ይሟሟል። «ናሙናው ባዶ ነው» ተብሎ ከሚጻፈው ሁሉ ስንቱ በዚህ መንገድ ባዶ እንደተደረገ እግዜር ይወቀው።

ቀጥሎ ማጠቢያው ባለ63 ማይክሮን ወንፊት ነው። የዱቄት ወንፊት አይሆንም፤ የጤፍ ዱቄት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ፎራሙንም ይዞ ይሄዳል። ውሃው በቀስታ ይረጫል፤ ከስር የሚወርደው ጥርት እስኪል ድረስ፣ በጣት ሳይታሽ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የማይዘለል ደንብ አንድ አለ፦ በናሙናና በናሙና መካከል ወንፊቱ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ማቅለሚያ ውስጥ ይነከራል። ቀዳዳ ውስጥ ተሰንቅሮ የቀረ የትናንት ፎራም ካለ ሰማያዊ ይሆናል፤ ነገ ናሙና ውስጥ ሲገኝ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ይህ ካልተደረገ የ3 ሚሊዮን ዓመት ጭቃ ውስጥ የ50 ሚሊዮን ዓመት ዝርያ ይገኝና፣ ያንን ለማስረዳት የሚጻፈው ንድፈ ሐሳብ ሌላ ታሪክ ይሆናል።

የደረቀው ቅሪት በባለ150 ማይክሮን ወንፊት ይለያል፤ በመከፋፈያ እየተገመሰ 300 ያህል ፎራም ያለበት ድርሻ እስኪቀር ይቀነሳል። ከ300 በታች ከሆነ ብርቅዬዎቹ ዝርያዎች በዕድል ብቻ ይታያሉ ወይም ይጠፋሉ። ለቀማው በማይክሮስኮፕ ስር፣ ጫፉ በረጠበ ባለሦስት ዜሮ ብሩሽ፣ 60 ቁጥር ያለው ሣጥን በተሰመረበት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ምስር ለቅማ የምታውቅ እጅ ቶሎ ትለምዳለች፤ አድካሚው ዓይንን ማስለመዱ ነው። ልምድ የሌለው ለቃሚ ትላልቁንና የሚያምረውን ብቻ ያነሳል፣ ቆጠራውም ሳያውቀው ያዘነብላል። መድኃኒቱ ከተመረጠው ድርሻ ሁሉንም፣ እስከ መጨረሻዋ ስባሪ ድረስ መቁጠር ነው።

የኮኮሊት ዝግጅት ከዚህ በጣም ይቀላል። በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ቅንጣት ጭቃ፣ አንድ ጠብታ ውሃ፣ መስታወት ላይ ቅብት፣ በትንሽ ሙቀት ድርቅ፣ በማጣበቂያ እሽግ፤ 10 ደቂቃ። ከዚያ 1,000 ጊዜ በሚያጎላና ፖላራይዘር ባለው ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ አብዛኛው ቅርፊት በጨለማ መሃል መስቀል ያለበት ብርሃን ሆኖ ይመጣል። ለዝቅተኛ በጀት ከዚህ የተሻለ ዕድሜ መለኪያ የለም ብዬ እከራከራለሁ።

የፎራም ትልቁ ሀብት ኦክስጅኑ ውስጥ ነው። ኦክስጅን ቀላሉ 16 እና ከባዱ 18 የሚባሉ አይሶቶፖች፣ ማለትም በክብደት ብቻ የሚለያዩ አተሞች፣ አሉት፤ ከባዱ ከጠቅላላው 0.2 በመቶ ገደማ ነው። ፎራም ቤቱን ሲሠራ ሁለቱን የሚወስድበት መጠን በውሃው ሙቀት ይለያያል። ውሃው በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የከባዱ ድርሻ ከሺህ በ0.23 አካባቢ ይጨምራል። ሃሮልድ ዩሪ ይህን በ1947 በንድፈ ሐሳብ አስቀመጠ፤ ቼዛሬ ኤሚሊያኒ በ1955 ከጥልቅ ባሕር በወጣ ጭቃ ላይ ተግብሮ የበረዶ ዘመናትን ውጣ ውረድ አነበበ። ያነበበው ግን እንደ ሙቀት መለኪያ ነበር። በ1967 ኒኮላስ ሻክልተን የተነበበው በአብዛኛው በረዶ መሆኑን አሳየ።

ምክንያቱን አረቄ ማውጫ ያየ ሰው ይረዳዋል። ከጋን ሲተን ቀድሞ የሚወጣው ቀለል ያለው ነው። ባሕርም ሲተን ቀላሉ ኦክስጅን ያለበት ውሃ ትንሽ ያመዝናል፤ ደመናው ወደ ዋልታ ሲሄድ ከባዱን በየመንገዱ እያዘነበ ይቀጥላል፣ ዋልታ ላይ የሚወርደው በረዶ በጣም ቀላል ይሆናል። የበረዶ ተራራ ሲቆለል ቀላሉ ውሃ የብስ ላይ ይታሰራል፤ ጋኑ ውስጥ የቀረው ባሕር ይከብዳል። ከ20,000 ዓመት በፊት ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ውሃውም ከሺህ በ1 ገደማ ከብዶ ነበር።

አሁን ሂሳቡ ይመጣል። በወለል ላይ ከሚኖሩ ፎራሞች የሚነበበው በበረዶ ዘመንና በዛሬ መካከል ያለው ልዩነት ከሺህ 1.7 አካባቢ ነው። ከዚህ 1 የበረዶው ነው። የቀረው 0.7 ለ0.23 ሲካፈል 3 ይሆናል፤ ጥልቁ ውሃ 3 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ነበር ማለት ነው። ሁሉንም ለሙቀት የሰጠ ሰው ከ7 ዲግሪ በላይ ያወጣል፤ የዛሬው ጥልቅ ውሃ ራሱ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ ስለሆነ ያ ውሃ መቀዝቀዝ ሳይሆን መርጋት ነበረበት። ሁለቱን ለመለየት ዛሬ በቅርፊቱ ውስጥ ያለው የማግኒዥየም ድርሻ ይለካል፤ በአንድ ዲግሪ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ችግሩ ሸክላ ራሱ ማግኒዥየም አለው። በፎራሙ ክፍሎች ውስጥ የተደበቀች ቅንጣት ሸክላ ባሕሩን በብዙ ዲግሪ ታሞቀዋለች። ስለዚህ ቅርፊቶቹ በሁለት መስታወት መካከል ቀስ ተብለው ይሰነጠቃሉ፣ በውሃና በሜታኖል በአልትራሳውንድ ደጋግመው ይታጠባሉ።

ለኦክስጅኑ ልኬት ከአንድ ዝርያ፣ ከተመሳሳይ መጠን፣ ለምሳሌ ከ250 እስከ 355 ማይክሮን፣ ከ10 እስከ 20 ቅርፊት ይበቃል። በ70 ዲግሪ ፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ ይሟሟል፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። (መብራት ከጠፋ ማድረቂያ ምድጃው ቢቀዘቅዝ ምንም አይደል፤ የቫኩም ፓምፑ ከቆመ ግን የቀኑ ሥራ አበቃ።) ዝርያ መቀላቀል ኃጢአት ነው። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ አመል አለው፤ ኡቪጀሪና እና ሲቢሲዶይደስ የሚባሉ ፎራሞች በአንድ ወለል፣ በአንድ ውሃ እየኖሩ ከሺህ 0.64 ይለያያሉ። ይህ ብቻውን የ3 ዲግሪ ስህተት ነው፤ አሁን ካወጣነው የበረዶ ዘመን ቅዝቃዜ ጋር እኩል።

ሌላው ሌባ ትል ነው። የወለሉን ጭቃ የላይኛውን 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሁሌም ያገላብጣል። ደለሉ በሺህ ዓመት 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ አንድ ናሙና ውስጥ ያሉት 20 ፎራሞች በ4,000 ዓመት ልዩነት የኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በየመቶ ዓመቱ የነበረውን ድርቅ ከእንዲህ ያለ ጭቃ አነበብኩ የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ትሉን ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ በ1976 ሄይስ፣ ኢምብሪና ሻክልተን ከደቡብ ህንድ ውቅያኖስ ጭቃ ውስጥ ወደ 100,000፣ 41,000 እና 23,000 ዓመት የሚጠጉ ዙሮችን አወጡ፤ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትሄድ የምታደርጋቸው ውዝዋዜዎች እነዚሁ ናቸው። በ2005 ሊዚየኪና ሬይሞ ከ57 ጣቢያዎች የተሰበሰበውን አንድ ላይ አጣምረው 5.3 ሚሊዮን ዓመት የሚሸፍን አንድ መስመር ሠሩ። ዛሬ የአፋር አለ የተባለ ማንኛውም የአየር ንብረት ታሪክ ከዚያ መስመር ጎን ነው የሚሰመረው።

ከዙሮቹ መካከል 23,000 የሚለው ለእኛ ቅርብ ነው፤ የክረምታችን ዙር ነውና። ምድር በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የሙቀት ወራት፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ለፀሐይ ስትቀርብ ዝናብ አምጪው የሞንሱን ነፋስ ይበረታል፣ ዝናቡ ደጋውን ይደበድባል፣ አባይ ይሞላል። ይህ የተጻፈው የት ነው? ጣና ውስጥ ጥቂት አለ። ረጅሙ ግን ሜዲትራኒያን ውስጥ ነው።

ከቀርጤስና ከቆጵሮስ ዙሪያ የወጣ ጭቃ ሲሰነጠቅ ነጣ ካለው ደለል መሃል ጥቁር ቀበቶዎች ይታያሉ፤ ሳፕሮፔል ይባላሉ። የመጨረሻው ከ10,800 እስከ 6,100 ዓመት ገደማ በፊት የተቀመጠ ነው። አሠራሩ ግልጽ ነው። ከአባይ ተፋሰስ የሚወርደው ጣፋጭ ውሃ በጨዋማው ባሕር ላይ እንደ ክዳን ተኛ። የላዩ ውሃ ቀሎ መስመጥ አቃተው፤ መስመጥ ሲያቆም ኦክስጅን ወደ ታች የሚያወርድ ጠፋ። ወለሉ ታፈነ። የሞተ ነገር ሳይበሰብስ ተጠራቀመ፣ ጭቃው ጠቆረ። ማርቲን ሮሲኞል-ስትሪክ በ1983 ይህን ከአፍሪካ ሞንሱን ጋር አያይዛ አቀረበችው።

ማስረጃው በሁለት ፎቅ ነው የሚነበበው። ላይ ላይ የሚንሳፈፈው ግሎቢጀሪኖይደስ ሩበር የሚባለው ፎራም ኦክስጅኑ በድንገት ይቀላል፤ የወንዝ ውሃ ቀላል ነውና። ወለል ላይ የሚኖሩት ደግሞ መጀመሪያ ዝርያቸው ይቀንሳል፣ ኦክስጅን እጥረት የሚችሉት ብቻ ይቀራሉ፣ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋሉ። አንድ ማንኪያ ጭቃ ታጥቦ የላይኞቹ በብዛት ሲገኙና የታችኞቹ አንድም ሳይገኙ ሲቀሩ፣ ወንፊቱን ከመጠርጠር በፊት አባይን መጠርጠር ይገባል። ውሃው የአባይ ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ አሸዋ የሆኑ የሰሃራ ወንዞችም ያኔ ይፈስሱ ነበር። ሆኖም ዛሬ እንኳ ግብጽ የሚደርሰው የናይል ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ በዚያ ክረምት የነበረውን መገመት አይከብድም።

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። የቀበቶውን ውፍረት በዓይን ለክቶ «ጎርፉ ይህን ያህል ዓመት ቆየ» ማለት አይቻልም። ኦክስጅን ሲመለስ ከላይ ወደ ታች እየገባ የጥቁሩን ጭቃ አናት ያቃጥለዋል፣ ቀለሙ ይለቃል። ከሞተው ነገር ጋር የወረደው ባሪየም ግን አይቃጠልም። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ የባሪየምና የአሉሚኒየም ንጽጽር ይለካል፤ ትክክለኛው ወሰን ብዙ ጊዜ ከጥቁሩ በላይ ይገኛል።

በዓረቢያ ባሕር፣ ኦማን ዳርቻ ያለው ጭቃም የዚሁኑ ነፋስ ሌላ ጎን ይመዘግባል። የክረምቱ ነፋስ ሲበረታ ቀዝቃዛና ምግብ የሞላበት ውሃ ከጥልቁ ይወጣል፤ ግሎቢጀሪና ቡሎይደስ የሚባለው ዝርያ ያኔ ይበዛል። የእሱን መቶኛ መቁጠር ነፋሱን መቁጠር ነው።

አዲስ አበባ ራሷ የቆመችው እሳተ ገሞራ በወለደው ድንጋይ ላይ ነው፤ እዚህ ጉድጓድ ቆፍሮ የባሕር ቅሪት የሚጠብቅ ይደክማል። ሆኖም ባሕሩ በየቀኑ በመኪና ይገባል። ከሙገር ሸለቆ ወጥቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ የጁራሲክ ባሕር ደለል ነው፤ ዊልያም ብላንፎርድ በ1870 በትግራይ ሕንጣሎ ስም አንታሎ ብሎ የሰየመው። በመቀሌ ዙሪያ ውፍረቱ 700 ሜትር ገደማ፣ በአባይ ሸለቆ 400 ገደማ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወርድ መንገደኛ ከባዛልቱና ከአሸዋ ድንጋዩ ቀጥሎ የሚያልፈው ገደል እሱ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ በሚቆሙት ሕንጻዎች ውስጥ ግን ፎራም አይፈለግ፤ ምድጃው 1,450 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የሚተርፍ ቅርጽ የለም። ከአንድ ቶን ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 440 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ያ ካርቦን በዚያ ባሕር ፍጡራን ቅርፊት ውስጥ ተቆልፎ የቆየው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው።

የአንታሎ ድንጋይ ጠጣር ስለሆነ አይታጠብም። መንገዱ ቲን ሴክሽን፣ ማለትም ብርሃን እስኪያሳልፍ የሳሳ የድንጋይ ቁራጭ፣ ነው። በአልማዝ መጋዝ 2 በ4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ይቆረጣል፤ አንዱ ፊት በ400፣ በ600፣ በ1,000 ቁጥር የሲሊከን ካርባይድ ዱቄት በተራ ይለሰልሳል፣ በኤፖክሲ መስታወት ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ ውፍረቱ 30 ማይክሮን እስኪሆን ይፈጫል። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። ኤፖክሲው አየር ከያዘ አረፋው ክብ ፎራም ይመስላል፤ ጀማሪዎች ስም ሰጥተውት ያውቃሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እጅ አንድ ጎን ከተጫነ ድንጋዩ እንደ ሽብልቅ ይሆንና ቀጭኑ ጎን ከመስታወቱ ላይ ይጠፋል። ሌላው ችግር ፎራሙ በዘፈቀደ አቅጣጫ ተቆርጦ መታየቱ ነው፤ ሽንኩርት በቁሙም በአግድሙም ሲቆረጥ የሚሰጠውን መልክ ማሰብ ይጠቅማል። አንድን ዝርያ በእርግጠኝነት ለመሰየም መሃሉን የነካ ቁርጥ እስኪገኝ ብዙ ስላይድ ማየት ግድ ነው።

ከሚገኙት ውስጥ ኩርኑቢያ ፓለስቲኒየንሲስ እና ናውቲሎኩሊና ኦኦሊቲካ አሉ። ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነው፤ ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው፣ ብርሃን እስከ ወለሉ የሚደርስበት ባሕር። ከእነዚህ የባሕሩን ሙቀት በኦክስጅን ልለካ የሚል ግን ይቆይ። ቅርፊቱ በዘመናት ውስጥ እንደገና ክሪስታል ሆኗል፤ የሚለካው የከርሰ ምድር ውሃ እንጂ የጁራሲክ ባሕር አይሆንም።

ይህ ማታለያ ዓለምን ለረጅም ጊዜ አሳስቷል። የጥንት ሞቃት ዘመናት የምድር ወገብ ባሕር ከዛሬው የቀዘቀዘ ነበር የሚል ልኬት ይወጣ ነበር፤ ዋልታዎቹ ሞቃት፣ ወገቡ ቀዝቃዛ፣ ማንም ሊያስረዳው አልቻለም። በ2001 ፖል ፒርሰንና ባልደረቦቹ ከታንዛኒያ ሸክላ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያበሩ ፎራሞችን ጭምር ለኩ። ሸክላው ውሃ ስላላሳለፈ ቅርፊቶቹ እንደነበሩ ነበሩ። ባሕሩ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ሆነ። ቀዝቃዛው ወገብ አልነበረም፤ የነበረው ጥልቅ ባሕር ወለል ላይ የተለወጠ ቅርፊት ነበር። በማይክሮስኮፕ ስር ልዩነቱ ይታያል፤ ጥሩው ብርሃን ያሳልፋል፣ የተለወጠው እንደ ስኳር ቅንጣት ይነጣል።

ፎራሞች የመዘገቧቸው የጅምላ እልቂቶች ታሪክ ይታወቃልና አጠር ላድርገው። ቱኒዚያ ኤል ኬፍ ላይ፣ ዳይኖሰሮች በጠፉበት የ66 ሚሊዮን ዓመት ወሰን፣ ከተንሳፋፊ ፎራም ዝርያዎች 90 በመቶ በላይ የሚሆነው ይጠፋል፤ ከላይ ባለው ሸክላ ውስጥ ደቃቃው ጌምቤሊትሪያ ቀርቶ ይገኛል። ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሆነው ለዘመናችን ይበልጥ ይቀርባል። ካርቦን በብዛት ወደ አየር ገባ፣ ምድር ከ5 ዲግሪ በላይ ሞቀች፣ ባሕሩ አሲድ ሆነ፤ ነጭ የነበረው የወለል ጭቃ በብዙ ቦታ ወደ ቀይ ሸክላ ተቀየረ። ከጥልቅ ወለል ፎራሞች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑ ዝርያዎች አለቁ። ችግሩ ቅርፊቱ የሟሟው የለውጡ መጀመሪያ ላይ በመሆኑ፣ ይበልጥ ማወቅ የምንፈልገው ገጽ የተቀደደ ነው።

ኦጋዴን ላይ ለነዳጅ ሲቆፈር የሚሠራበት ሌላ ደንብ አለ። ከጉድጓድ የሚወጣው የድንጋይ ፍርካሽ ከላይ እየተናደ ከታች ካለው ጋር ይቀላቀላል፤ ስለዚህ ወደ ታች ሲወረድ አንድ ዝርያ መጀመሪያ የታየበት ጥልቀት፣ ማለትም ከምድር የጠፋበት ጊዜ፣ ይታመናል። መጨረሻ የታየበት አይታመንም፤ ከላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ሳይፈረካከስ ተቆርጦ ከወጣ የኮር ናሙና ውጭ ስለ መፈጠሪያ ጊዜ መናገር ድፍረት ነው።

ባሕሩ ወደ እኛ የመጣበት የቅርብ ጊዜም አለ። ዳናክል ውስጥ፣ ዛሬ ከባሕር ወለል በታች በሆነው የጨው ሜዳ ዳር፣ የኮራል ድንጋይ ቆሞ ይታያል፤ ዕድሜው ወደ 125,000 ዓመት ነው። ያኔ የዓለም ባሕር ከዛሬው ከ6 እስከ 9 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር፤ ቀይ ባሕር ወደ ውስጥ ገባ፣ ኋላ ተቆርጦ ቀርቶ ደረቀ፣ ጨው ሆነ። በዚያው ዘመን፣ ከ128,000 እስከ 121,000 ዓመት በፊት፣ በሜዲትራኒያን ወለል ከሳፕሮፔሎቹ ሁሉ ጠንካራ ከሆኑት አንዱ ተቀመጠ፤ ቁጥሩ አምስተኛው ነው፣ የወለል ፎራም ጭራሽ የሌለበት። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ቀርጤስ ድረስ ወርዶ የባሕር ወለል ሲያፍን፣ በሌላው በኩል ባሕሩ አፋር ውስጥ ኮራል ያበቅል ነበር።